ጀርባውን ሰጥቶ የሚበላው ሰው

ባሌ ከሞት የተመለሰ ሰው ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ በምርጫ ሰሞን በየግድግዳው የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ከፎቶው ሥር ለምርጫ ቁጥሩ ሦስት እንጨት ተስሏል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንጨቱን አይቶ ነው የሚመርጠው። ከእንጨቶቹ ሥር ደግሞ «ከሞት የተመለሰው ኦክ ማንሆ» ይላል። እንግዳ ሰው ፎቶውን ያይና ዞሮ እኔን ያየኛል፤ ከሞት ከተመለሰ ሰው ጋር የምታድር ሴት ምን እንደምትመስል ለማወቅ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣች ሴት ነው የምትመስለው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ማንሆ ከከተማችን ከሶንጎክ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ ልጃችን ማልሱን ገና አልዳኸችም ነበር። ጃፓኖች አገራችንን ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ለምደውታል፣ ወጣቶቹ ግን በየጓሮው ይንሾካሾካሉ። አብሮት የሄደው ታክ ዩንጂን ይባላል፤ የጎረቤታችን የእማማ ሃዶንግ አንድ ልጅ ነው። እማማ ሃዶንግ የምንላቸው ከሃዶንግ ተድረው ስለመጡ ነው፤ እኛ ዘንድ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ትጠራለች እንጂ የገዛ ስሟን የሚያስታውስላት የለም። ዩንጂን ከማንሆ ትንሽ ይበልጣል። አላገባም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዓይነት ልጅ ነበር። ሁለቱ ድንበር ማዶ ሆነው ወረቀት ያትማሉ፣ ለታጋዮቹ ገንዘብ ያሻግራሉ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ፖሊስ ደጃችን ላይ ቆሞ፣ ባልሽ ኦክ ማንሆ ድንበር ማዶ፣ ዳሊያን ከተማ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል አለኝ። ሬሳ የለም፣ ልብስ የለም፤ የሞተበትን ቀን ብቻ ነገረኝና ሄደ። እንዴት እንደሞተ ያወቅነው በኋላ ከጋዜጣ ነው። የጓደኞቹን ስም እንዲያወጣ ወራት ሙሉ ሲገርፉት፣ ጥፍሩን ሲነቅሉት፣ «ስሜ ኦክ ማንሆ ነው፤ ሌላ የማውቀው ስም የለም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። በዚያች አንዲት ንግግር ባሌን አገር አወቀው። ልጆች እንኳ ድብብቆሽ ሲጫወቱ የተያዘው ልጅ «ሌላ የማውቀው ስም የለም» ብሎ ይጮህ ነበር።

እኔም በየዓመቱ በሦስተኛው የጨረቃ ወር፣ በሞተበት ቀን፣ የሙት ማዕድ አቀረብኩለት። የባሌ አጎት ስሙን በወረቀት ላይ ጽፈው ከማዕዱ ራስጌ ያቆማሉ፤ ማንኪያውን ነጩ ሩዝ ላይ ይተክላሉ፤ የውጪውን በር ከፍተን፣ የጠራነው እስኪበላ ዞር እንላለን። ስሙ የተጻፈለት ይመጣል፤ ሌላው አይደርስበትም። እማማ ሃዶንግ አንድም ዓመት ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊያግዙኝ ይመጡ ነበር። ዓሣውን ለኔ አይተዉልኝም። «ጠርዙ ትንሽ ይረር። የኔ ልጅ እንዲህ ሲሆን ነው የሚወደው፤ ያንቺም ሰውዬ አይጠላውም» ይላሉ።

ለገዛ ልጃቸው ግን የሙት ማዕድ አያቀርቡም፤ መሞቱን ማን ነገራቸው? እሳቸው ለዩንጂን የሚያደርጉት ለመንገደኛ የሚደረገውን ነው። ምሽት ሲሆን አንድ ሳህን ትኩስ ሩዝ ከድነው፣ እሳት በሚያሞቀው ወለል ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ይሸጉጣሉ፤ ድንገት ቢመጣ እንዳይርበው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲያገኙት ራሳቸው ይበሉታል። ትኩሱ ሩዝ የሕያው ነው፤ ሙት አይቀምሰውም። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ማዕድ ማቅረብ ደግሞ መግደል ነው።

ሕልሜን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ማዕዱ ተነስቶ ጋደም ስል ሁልጊዜ ያው ሕልም ይመጣል። ሰውዬው ከማዕዱ ይቀመጣል፣ ይበላል፤ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው። የካፖርቱ ትከሻ እርጥብ ነው። ጠጋ ስል ይብስ ዞር ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገር ሰማሁት፤ ወደ በሩ እያየ «ለእመቤቲቱ ንገሩልኝ፣ ብዙ አይድከሙ» አለ። ቤቱ ውስጥ ግን ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩት መሰላችሁ? ሴት ልጅ ስለወለድኩለት ተቀይሞኛል አልኩ። ወንድ ልጅ ቢኖረው ኖሮ ማዕዱ ፊት የሚሰግድለት ልጁ ነበር እንጂ አጎቱ አልነበሩም። ሞቶ እንኳ አልማረኝም እያልኩ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ጃፓኖች ተሸንፈው የወጡ ዓመት ባሌ በባቡር መጣ። በሁለት እግሩ፣ ጤነኛ ሆኖ። «ሞተ ብለው ዋሽተውን ነበር! እስር ቤቱን ሰብሮ አምልጧል!» እያለ ሕዝቡ ከጣቢያው እስከ ቤታችን በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። ያን ቀን እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥፍሩን ነቀሉት የተባለው ሰው የእጁም የእግሩም ጥፍር በቦታው ነበር። ጀርባው ላይ የአለንጋ ምልክት አልነበረም፤ ትከሻው ላይ ብቻ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ጠጣር ቆዳ ነበር። ምን ልበል? ባሏን ከሞት ያገኘች ሴት፣ ጥፍርህ ለምን አለ ብላ ትጣላለች? ሆድ ይፍጀው አልኩና ውሃውን ደፋሁት።

የሙት ማዕዱም ቀረ። አጎቱ ወይን ጠጅ እየጠጡ «እስቲ ንገረን፣ ያን ሁሉ ዓሣ ማን በላው ታዲያ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማንሆ አልሳቀም።

እማማ ሃዶንግ ሕዝቡ እስኪበተን በረንዳው ጥግ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ «ማንሆ ልጄ፣ የኔውስ?» አሉት። ባሌ ጫማውን እያየ «ሩሲያ ሳይሆን አይቀርም እማማ። ድንበሩ ሲከፈት ይመጣል» አላቸው። ምን ያህል ደስ እንዳላቸው ልነግራችሁ አልችልም። በማግስቱ ገበያ ወጥተው የሩዙን ሳህን በትልቅ ቀየሩት።

ከዚያ በኋላ ነው ቤታችን ሰላም ያጣው። ሦስተኛው ጨረቃ ሲገባ የውጪው በር መቀርቀሪያ ራሱ ወድቆ እናገኘዋለን። ውሻው አይጮህም፤ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ወደ በሩ እያየ ያለቅሳል። እኔም ሕልሙ ተመለሰብኝ፤ አሁን ግን ሰውዬው ከደጅ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እየራበው እንደሆነ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ባሌ አጠገቤ ተኝቶ እያለ ይህን የማየው ማንን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ። ማንሆም ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጫማ የምናወልቅበትን ድንጋይ አይቶ ነው የሚወጣው፤ የማያውቀው ጫማ ተቀምጦ እንዳይሆን። አንድ ቀን በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀስ ብሎ «ወይ ግባ፣ ወይ ሂድ» ሲል ሰማሁት። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት ብዬ ብጠይቀው ከውሻው ጋር አለኝ። ውሻው ግን በረንዳው ሥር ተደብቆ ነበር።

የሰሜንና የደቡቡ ትልቅ ጦርነት መጣ፣ ሄደ፤ ባሌ ለምክር ቤት ተመረጠ። ሥራውን አልነቅፍም፤ ትምህርት ቤቱን ያሠራው እሱ ነው፤ ገበሬው እጁን ይዞ የሚያለቅስበት ሰው ነው። በየአደባባዩ ግን ሰው የሚፈልገው ትምህርት ቤቱን አይደለም፤ የዳሊያንን ታሪክ ነው። «ምን አልካቸው?» ይላሉ፣ እሱም «ስሜ ኦክ ማንሆ ነው» ይላል፣ ሕዝቡ የቀረውን በአንድ ድምፅ ይጨርስለታል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ፤ እሱ የተናገራት እንዳትጠፋ ሲል የሰው ልጅ ጠፍቶ ቀረ።

ዘንድሮ የምርጫው ሳምንት ከሦስተኛው ጨረቃ ጋር ገጠመ። ተቃዋሚው ባለ ወፍጮው ፕዮ ነው፤ ለመራጩ ሁሉ የጎማ ጫማ ያድላል። «አንድ እግሩን አሁን፣ ሌላውን ከምርጫው በኋላ ነው የሚሰጣቸው» እያለ ይስቃል የኛ ቀስቃሽ ባንግ፤ ድምፁ ከድምፅ ማጉያው የሚበልጥ ሰውዬ ነው። የኛ ግቢ የጎማ ጫማ የለውም፤ ሾርባ ግን አለው። እኔ ጓዳ ውስጥ ለቀስቃሹ ሁሉ ሾርባ ስሠራ፣ እማማ ሃዶንግ ሽንኩርት ሊከትፉልኝ መጡ። ነገ ያ የሙት ማዕዱ ቀን ነው፤ ሁለታችንም አውቀነዋል።

«ዛሬ ዓሣ ስንጠብስ የምናመሽበት ቀን ነበር» አሉ እየሳቁ። «ያን ሁሉ ዓሣ በከንቱ!»

«ይተዉኝ እማማ» አልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ አፌ አመለጠኝ። «ያ ሁሉ ዓሣ ምንም አላተረፈልኝም። በሕልሜ መጥቶ ሲበላ እንኳ ጀርባውን ነበር የሚሰጠኝ።»

«ማን?»

«የማልሱን አባት ነዋ! በየዓመቱ። አንድ ቀን ፊቱን አላየሁትም። ሴት ልጅ ስለወለድኩለት ነው ብዬ ስንት አልቅሻለሁ።»

እማማ መክተፋቸውን አላቆሙም። «አልተናገረሽም?»

«አንዴ ብቻ። እሱንም ለኔ አይደለም። ለእመቤቲቱ ንገሩልኝ፣ ብዙ አይድከሙ አለ፣ ወደ በሩ እያየ።»

ቢላዋው ቆመ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛ ዘንድ ባዳ ወንድ የሰው ሚስት ፊት አያይም። ጎኑን ወይም ጀርባውን ይሰጣል። መናገር ግድ ከሆነበትም በመሃል ማንም ባይኖር «ለእመቤቲቱ ንገሩልኝ» ብሎ ለአየሩ ይናገራል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ስሙ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የባሌ ነው፣ የመጣውም ባሌ ነው ብዬ ስለነበር አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ባል ለሚስቱ ጀርባውን አይሰጥም» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ይህ እንግዳ ነው፣ ልጄ። አሳምሮ ያደገ እንግዳ ነው።» ሽንኩርቱን እንዳለ ትተው፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ወጡ። በሩ ላይ አንዴ ዞረው ዓሣ የምንጠብስበትን ምድጃ አዩት።

ሲመሽ ማንሆ ከቅስቀሳ ሲገባ እራት አላቀረብኩለትም።

«ዩንጂን የት ነው?» አልኩት።

«ሩሲያ ነው ያለው መሰለኝ ብዬ…»

«የማልሱን አባት፣ እግርዎን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ቁጭ አለ። ከዚያ ወደ በሩ እያየ ተናገረ። ዳሊያን ውስጥ የአንድ ቻይናዊ ማደሪያ ቤት ነበሩ። ፖሊሶቹ የማንሆን ስም እንጂ መልኩን አያውቁም። ሲገቡ እሱ ጓሮ፣ ሽንት ቤት ነበር፤ ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ኦክ ማንሆ ማን ነው ሲሉ ዩንጂን «እኔ ነኝ» አለ።

«የቡት ጫማቸው ድምፅ እስኪርቅ እዚያው ቁጭ አልኩ» አለኝ። «ከዚያ በአጥሩ ዘለልኩ። ማንቹሪያ ገብቼ በሰው ስም ጆንያ ተሸከምኩ። መሞቴን ከጋዜጣ አነበብኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ‹አንተ ሚስትና ልጅ አለህ› ይለኝ ነበር።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ወጋችኝ። ለካ እኔም አለሁበት።

«ጣቢያው ላይ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። «አበባ አጠለቁልኝ። ነገ እናገራለሁ አልኩ።»

«ዛሬም ነገ ነው?»

«ከምርጫው በኋላ እነግራቸዋለሁ። እምልልሻለሁ።»

«የሞተ ሰው ምርጫ አይጠብቅም፣ አንተ!» አልኩት፤ አክብሮቱ ከአፌ ጠፋ። «ደጃችን ላይ ቆሞ በረሃብ የሚያድረው እሱ ነው! በስምህ ስናበላው ኖረን፣ አንተ ስትመጣ ከልክለነው ነው! እስከ ዛሬ ጀርባውን የሚሰጠኝ የሰው ሚስት አላይም ብሎ ነው!»

«ላንቺ ጀርባውን ይሰጥሻል?» አለ ማንሆ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ለኔ ፊቱን ነው የሚያሳየኝ።»

እራት ሳንበላ ነጋ።

ጠዋት ወደ እማማ ሃዶንግ ሄድኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ብርድ ልብሱ ተገልጧል፤ ትልቁ ሳህን ከፊታቸው ነው፤ ከጎናቸው የዩንጂን ነጭ የጥጥ ካፖርት ታጥቦ ታጥፏል። ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ሩዙን ሳስገባና ሳወጣ አደርኩ» አሉኝ። «ሞቷል ብዬ ነፍሱን ብጠራና በሕይወት ቢኖር፣ በገዛ አፌ ገደልኩት። አለ ብዬ ብተወውና ሞቶ ቢሆን፣ በየሰው ደጅ ሲንከራተት ሊኖር ነው። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። እኔ ከሞትኩ ማን ይጠራዋል?»

«እማማ፣ ማንሆ ትናንት…»

«ዝም በይ!» እጃቸውን አነሱብኝ። «አንቺ አልነበርሽም። ካየው አፍ ነው የምፈልገው። ዛሬ ገበያ ላይ ይናገራል አይደል?»

ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ከእንጨት የተሠራው መድረክ በዓሣ ተራና በሸክላ ተራ መሃል ቆሟል፤ ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ በአካባቢው የለም። እማማን ይዤ ከፊት ቆምኩ፤ ካፖርቱን በጨርቅ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ባንግ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «የጎማ ጫማ ያልቃል፣ የጀግና ስም ግን አያልቅም!» ብሎ ሰውን አሳቀና ለባሌ ሰጠው።

ማንሆ ስለ መስኖ ተናገረ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ተናገረ። ሰው ግን ተቁነጠነጠ። «ዳሊያንን! ዳሊያንን!» አለ አንዱ ሰካራም። «ምን አልካቸው?» አለ ሌላው። ከዚያ ገበያው በሙሉ «ምን አልካቸው?» እያለ ጮኸ።

ባሌ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ስሜ…» አለ፤ እማማን አያቸው፤ ቆመ።

«ማንሆ ልጄ» አሉ እማማ። ሰው ዝም ስላለ ድምፃቸው ሩቅ ተሰማ። «ያን ቀን ስሜ ኦክ ማንሆ ነው ያለው ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። «እማማ ጆሯቸው ደክሟል!» አለ አንዱ። «የፕዮን የጎማ ጫማ ስጧቸውና ይሂዱ!» አለ ሌላው። ባሌ አልመለሰም። ድምፅ ማጉያው ብቻ እንደ ዝንብ ይጮሃል። እማማ ጠበቁት፤ የማልዋሸው ነገር ቢኖር፣ አፉ እንዲከፈት እኔም በልቤ እየለመንኩት ነበር።

«ዝም አልክ» አሉት መጨረሻ ላይ። «ልጅ ሆነህም ስታጠፋ ዝም ነበር የምትለው።»

ከዚያ ክንዴን ተደግፈው ደረጃውን ወጡ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ሰው ሊመርቁት የወጡ መሰለው። መድረኩ ላይ ጥቅሉን ፈቱ፤ የካፖርቱን አንገትጌ በግራ፣ ጫፉን በቀኝ ያዙ፤ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ሲሞት አንድ ሰው ልብሱን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣና ነፍሱን ሦስት ጊዜ ይጠራል። እማማ ጣራ መውጣት አይችሉም፤ ከፍ ያለ ቦታ ያገኙት መድረኩን ነው።

«ኦክ ማንሆ!» ብለው ጮኹ። «ተመለስ!»

በቁሙ ያለን ሰው፣ ያውም ፊት ለፊቱ፣ የሙት ጥሪ ሲጠሩት ያየ የለም። ሴቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ልጃቸው የሞተው በዚያ ስም ነው፣ የበላውም በዚያ ስም ነው፣ በሌላ ስም ቢጠሩት እንዴት ይሰማል?

«ኦክ ማንሆ! ተመለስ!»

«አሟርተኛ!» ብሎ ባንግ ዘለለ። ሁለት ጎረምሶች ተከትለውት ወጡ፤ አንዱ እማማን በክንዳቸው ያዘ፣ አንዱ ካፖርቱን ጎተተ።

«ልቀቋቸው» አለ ማንሆ።

ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ ነበርና ገበያው ሁሉ ሰማው። ባንግ ዞሮ አየው።

«ልቀቋቸው። ልጃቸውን ነው የሚጠሩት። ዳሊያን ላይ ስሜ ኦክ ማንሆ ነው ብሎ የሞተው ታክ ዩንጂን ነው። እኔ አንድ አለንጋ አልቀመስኩም። እሱን ሲወስዱት እኔ ሽንት ቤት ተደብቄ ነበር።» እዚህ ላይ ወደ እማማ ዞረ። «ዛሬ የሞተበት ቀን ነው፣ እማማ። ሞቷል። አይመጣም።»

እማማ ሳይወድቁ ቆሙ። እኔ ይወድቃሉ ብዬ ነበር የያዝኳቸው። ካፖርቱን ከጎረምሳው እጅ ተቀበሉ፣ አራገፉት፣ እንደገና ወደ ሰሜን ዞሩ። ሦስተኛውን ጥሪ በስሙ ጠሩት። «ዩንጂን! ታክ ዩንጂን! ቤትህ ግባ፣ ልጄ!» ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተዘጋ፤ እስከ ዛሬም በደንብ አልተመለሰላቸውም።

ምርጫውን ፕዮ አሸነፈ። ሌሊቱን ግድግዳችን ላይ ፋንድያ ለጠፉብን፣ አጎቱ ደጃችንን አልረግጥም አሉ፣ ማልሱን ከባሏ ቤት አልቅሳ ላከችብኝ። ይሁን። ባሌን እስከ ዛሬ አልማርኩትም፤ አብሬው ነው የምኖረው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከገበያው ወደ እማማ ቤት የሄድንበትን መንገድ ነው።

ሕዝቡ ምራቁን እየዋጠ መንገድ ለቀቀልን። እማማ ካፖርቱን ለማንሆ አስታቀፉት። «ተሸከመው» አሉት በቀረቻቸው ሹክሹክታ፤ «አንተን ተሸክሞህ አልነበር?» የተጠራን ነፍስ ወደ ቤቱ ሲያስገቡት መንገዱን እየነገሩት ነው፤ አለዚያ ይጠፋል። እናቱ ድምፅ የላቸውም። እኔ የሰው ሚስት ነኝ፤ ላናግረው አይገባም። የቀረው ማንሆ ነው። እሱ ግን ከንፈሩን ነክሶ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመ። ድልድዩን ጦርነቱ አፍርሶት በሲሚንቶ የተሠራው በቅርቡ ነው፤ ዩንጂን የሚያውቀው የእንጨቱን ነው። እማማ ከኋላው በጡጫቸው ጀርባውን መቱት።

«ንገረው እንጂ! ይህን ድልድይ አያውቀውም!»

ባሌ ካፖርቱን አቀፈው። አንገትጌውን የሰው ጆሮ ይመስል ወደ አፉ አስጠጋው።

«ወንድም ጋሼ» አለ። «ድልድይ ነው። አዲስ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አትፍራ። አሁን እኔ ልቅደም፤ አንተ ከኋላዬ ሁን።»

እማማና እኔ ከሁለቱ ኋላ ተሻገርን።